በአሮጌ ፒካፕ ላይ የናፍጣ ሞተር ስለ መትከል፦ የሞተሩ ዋጋ የሥራው ዋጋ አይደለም

የመኪና መለዋወጫ ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ብዙ ጊዜ ከሚቀርቡላቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ «በቤንዚን የሚሠራ አሮጌ ፒካፕ አለኝ፤ አካሉን አሳድሼ ቀለሙን አስቀብቼዋለሁ፤ አሁን ደግሞ የናፍጣ ሞተር ላስገባበት አስቤአለሁና ስንት ይፈጅብኛል?» ሻጩም በመደብሩ የሚገኘውን ሞተር ዋጋ ነግሮ ይሸኘዋል። ባለመኪናው የተነገረው ዋጋ የሥራው ሁሉ ዋጋ መስሎት ሞተሩን ይገዛል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሞተሩ በጋራዡ ወለል ላይ ተቀምጦ፣ መኪናው ሞተር አልባ ሆኖ በድንጋይ ላይ ተደግፎ፣ ባለቤቱም በየቀኑ የጎደለ ዕቃ እንዲያመጣ ሲጠየቅ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ነጋዴው ምንም ያታለለው ነገር ባይኖር እንኳ፣ ቅሬታው የሚያርፈው ሞተሩን በሸጠው ሰው ላይ ነው።

ይህ ጉዳይ አስመጪውንም፣ ባለመደብሩንም፣ ዕቃውን በፒካፕ የሚያመላልሰውን ነጋዴም ይነካል። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና አድሶ መጠቀም ከፊተኛው ጊዜ ይልቅ የሚታሰብ ነገር ሆኗል። ስለዚህ የናፍጣ ሞተር መተካት ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ምን ምን ዕቃ እንደሚጠይቅና ትርፉ መቼ እንደሚገኝ አስቀድሞ ማወቅ ለገዢውም ለሻጩም ይጠቅማል።

የናፍጣ ሞተር ከቤንዚን ሞተር የሚለይበት ነገር

የቤንዚን ሞተር፣ በአሮጌዎቹ መኪኖች እንደሚታየው፣ ቤንዚኑንና አየሩን በካርቡራቶር ቀላቅሎ ወደ ሲሊንደሩ ካስገባ በኋላ በካንዴላ ብልጭታ ያቃጥለዋል። የናፍጣ ሞተር ግን ካርቡራቶርም፣ ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላም የለውም። አየሩን ብቻ ስቦ እጅግ አጥብቆ ያምቀዋል። የታመቀ አየር ይግላልና ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል፤ በዚህ በጋለው አየር ውስጥ ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት ሲረጭ ያለ ብልጭታ በራሱ ይነዳል። ይህን አሠራር ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ በሚሠራ ሞተር ካሳየ ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም።

ከዚህ አሠራር የሚመነጩ አራት ነገሮች አሉ፤ ሞተር መተካትን ቀላል ወይም ከባድ የሚያደርጉትም እነዚሁ ናቸው። አንደኛ፣ እመቃው ስለሚበረታ የሞተሩ አካል ወፍራምና ጠንካራ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ይከብዳል፣ መንቀጥቀጡም ይበዛል። ሁለተኛ፣ የሚገባውን አየር በመክፈቻና በመዝጊያ ስለማይወስን፣ እንደ ቤንዚን ሞተር የፍሬን ማገዣውን የሚስብ የአየር ስበት በመግቢያው ቱቦ ውስጥ አይፈጥርም። ሦስተኛ፣ የናፍጣ ፖምፓው ክፍሎች እጅግ በጠበበ ልክ የተሠሩ ሲሆኑ፣ በብዙዎቹ ፒካፖች ሞተር ላይ ባለው ዓይነት ፖምፓ ማለስለሻቸው ራሱ ናፍጣው ነው፤ ስለዚህ ውሃና ዝገት ፈጥነው ያበላሹታል። አራተኛ፣ እመቃው ከፍ ያለ በመሆኑና አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከመቶ 10 ያህል የሚበልጥ ሙቀት ስለሚሰጥ፣ በአንድ ሊትር የሚሄደው መንገድ ይረዝማል። ባለመኪናው የሚመኘው ይህን አራተኛውን ነው፤ የሚከፍለው ግን ስለ ሦስቱም ጭምር ነው።

ምሳሌ የሚሆን አንድ ፒካፕ

ነገሩን በግልጽ ለማየት የታወቀውን የቶዮታ ላንድ ክሩዘር ፒካፕ፣ ማለት ኤፍ ጄ 45 የተባለውን፣ መውሰድ ይቻላል። ይህ ፒካፕ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 በጃፓን አገር ሲሠራ ከነበረው የ40 ቤተሰብ ነው። ሞተሩ ባለ 6 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ሲሆን፣ መጀመሪያ 3.9 ሊትር፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ 4.2 ሊትር ሆነ። ሞተሩ ጠንካራና በቀላሉ የሚጠገን ነው፤ ነገር ግን ጭነት ሲኖርበት ቤንዚን አብዝቶ ይጠጣል።

በዚህ ፒካፕ ላይ ለመትከል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ከዚሁ ፋብሪካ የወጣው 1 ኤች ዜድ የተባለው የናፍጣ ሞተር ነው። ይህ ሞተር እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ሲሆን፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ያለ ቱርቦ የሚሠራ ነው። ጉልበቱ ወደ 130 የፈረስ ጉልበት ይጠጋል፤ ትልቁን የማዞር ኃይሉን፣ ይኸውም 285 ኒውተን ሜትር ያህሉን፣ የሚሰጠው በደቂቃ 2,200 ዙር ገደማ ነው። ከ30 ዓመት በላይ ሲሠራ የቆየ ሞተር በመሆኑ መለዋወጫው ይገኛል፤ መካኒኮችም ያውቁታል።

እዚህ ላይ ለገዢው ሳይሸሸግ መነገር ያለበት ነገር አለ። የ4.2 ሊትሩ የቤንዚን ሞተር ጉልበትም በፋብሪካው ወረቀት ላይ 135 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። ስለዚህ የናፍጣው ሞተር ፒካፑን ፈጣን አያደርገውም። የሚገኘው ጥቅም የነዳጅ ቁጠባ፣ በዝቅተኛ ዙር ጭነት የመጎተት ብርታትና ዕድሜ ነው። ፍጥነት ፈልጎ ለመጣ ደንበኛ ይህን ሳይነግሩ መሸጥ የነገ ጸብ መግዛት ነው።

ፋብሪካው ራሱ ለዚሁ ቤተሰብ በ1970ዎቹና ከዚያም በኋላ የራሱን የናፍጣ ሞተሮች ገጥሞ ሸጧል፤ ኤች ጄ 45 እና ኤች ጄ 47 የተባሉት ፒካፖች እንዲህ ያሉት ናቸው። ከዚህ አንድ ጠቃሚ ደንብ ይወጣል፦ ከሁሉ የሚቀለው መተካት ፋብሪካው በተመሳሳይ ሻንሲ ላይ አስቀድሞ የገጠመውን ሞተር ወይም የእርሱን ዘመድ መትከል ነው። ከሌላ ፋብሪካ የመጣ ሞተር በርካሽ ቢገኝ እንኳ፣ ርካሽነቱን ብየዳውና ቶርኖ ቤቱ ይበሉታል።

ስለ ዙርና ስለ ካምቢዮ

ሞተር ለመኪናው ተስማሚ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በጉልበቱ ብቻ ሳይሆን በዙሩም ነው። የኤፍ ጄ 45 የቤንዚን ሞተር ትልቁን ጉልበት የሚሰጠው በደቂቃ 3,600 ዙር ገደማ ሲሆን፣ 1 ኤች ዜድ ደግሞ በ3,800 ዙር ገደማ ነው። ሁለቱ ስለሚቀራረቡ በዚህ ፒካፕ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው 4.11 ለ1 የሆነው የዲፈረንሻል ማርሽ ሳይለወጥ ሊያገለግል ይችላል።

ይህ ግን በሁሉም ዘንድ እንዲህ አይደለም። በአሜሪካ አገር አሮጌ ፒካፖችን የሚያድሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ከሚንስ 4ቢቲ የተባለውን ባለ 4 ሲሊንደር 3.9 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው። ሞተሩ በየሱቁ ዳቦና ሸቀጥ ከሚያድሉ የማከፋፈያ መኪኖች የሚገኝ ሲሆን፣ ብርቱ ቢሆንም ዙሩ ከ2,500 እስከ 2,800 ገደማ ላይ ይገደባል። ወደ 4,000 ዙር ለሚሄድ የቤንዚን ሞተር የተሠራ ዲፈረንሻል ባለው ፒካፕ ላይ እንዲሁ ቢተከል፣ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ግን በሜዳ መንገድ ላይ ይጎተታል። ስለዚህ ዲፈረንሻሉን ወይም ካምቢዮውን መለወጥ ግድ ይሆናል። ይህ ወጪ በሞተሩ ዋጋ ውስጥ የለም።

በኤፍ ጄ 45 ላይም ቢሆን ካምቢዮው የራሱ ጥያቄ አለው። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው የብረት ቤት የቤንዚኑ ለናፍጣው አይገጥምም። ስለዚህ ከናፍጣ መኪና የወጣ የብረት ቤት፣ ቮላኖና ፍሪሲዮን አብረው መምጣት አለባቸው። በተግባር የተሻለው መንገድ ሞተሩን በኋለኞቹ ፒካፖች ላይ ከሠራበት ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ ጋር አንድ ላይ መግዛት ነው። በዚያን ጊዜ የሚቀረው ካምቢዮውን በሻንሲው ላይ ማስቀመጥና ወደ ፊትና ወደ ኋላ ኃይል የሚያስተላልፉትን ዘንጎች በአዲሱ ልክ ማሳጠር ወይም ማስረዘም ብቻ ነው።

ከሞተሩ ጋር መምጣት ያለባቸው ዕቃዎች

ብዙው ገንዘብና ብዙው ቀን የሚጠፋው በትናንሾቹ ዕቃዎች ነው። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ. የሞተር መቀመጫና ጎማዎቹ። የናፍጣ ሞተር ንቅናቄ ብርቱ ስለ ሆነ የቤንዚኑ ሞተር ጎማ አይበቃውም። መቀመጫው በሻንሲው ላይ ሲበየድ ሞተሩ ከነካምቢዮው ተቀምጦ ልኩ መወሰድ አለበት፤ አለዚያ ዘንጎቹ ይንቀጠቀጣሉ።

2ኛ. የፍሬን ማገዣ የአየር ፖምፓ። የናፍጣ ሞተር የአየር ስበት እንደማይፈጥር ከላይ ተገልጿል። ስለዚህ ስበቱን የሚሰጥ ፖምፓ ያስፈልጋል፤ በአንዳንድ ሞተር ላይ ከዲናሞው ጀርባ፣ በሌላው ከሞተሩ ጎን ተገጥሞ ይገኛል። ሞተሩ ሲመጣ ይህ ፖምፓ ተነቅሎ ከቀረ፣ ጭነት የያዘው ፒካፕ በቁልቁለት ላይ የፍሬን እርዳታ ያጣል። ይህ የገንዘብ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

3ኛ. የኤሌክትሪክ መሣሪያ። ከናፍጣ ላንድ ክሩዘሮች አንዳንዶቹ በ12 ቮልት፣ አንዳንዶቹ በ24 ቮልት ይሠራሉ። አሮጌው የቤንዚን ፒካፕ ግን መብራቱም፣ የዝናብ መጥረጊያውም ለ12 ቮልት የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ሞተሩ ከመገዛቱ በፊት በሞተሪኖውና በዲናሞው ላይ የተጻፈው ቮልት መነበብ አለበት። ከዚህም በቀር በብርድ ጊዜ ሲሊንደሩን የሚያሞቁት ካንዴሌታዎች፣ ማሠሪያ ሽቦአቸውና ናፍጣውን ዘግቶ ሞተሩን የሚያጠፋው መሣሪያ አብረው መቆጠር አለባቸው፤ የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ የብልጭታውን መሥመር በመቁረጥ አይጠፋምና።

4ኛ. የነዳጅ መሥመር። የናፍጣ ፖምፓ ያልተጠቀመበትን ናፍጣ ወደ ታንኩ ስለሚመልስ፣ አንድ የመመለሻ ቱቦ መጨመር ያስፈልጋል። አሮጌው የቤንዚን ታንክ ወርዶ መታጠብና ከዝገት መጽዳት አለበት፤ ውሃ የሚለይ ፊልትሮም በመንገዱ ላይ መገጠም አለበት። በፊልትሮ ቁጠባ የተበላሸ ፖምፓ ከፊልትሮው ዋጋ ብዙ እጥፍ ያስከፍላል።

5ኛ. ራዲያተርና የሙቀት መለኪያ። አሮጌው ራዲያተር ካልተዘጋ ሊያገለግል ይችላል፤ ነገር ግን የቱቦዎቹ አፍ ልክና ስፍራ ላይገጥም ይችላል። ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው የሙቀት መለኪያው ነው። በአዲሱ ሞተር ላይ ያለው ሙቀት ነጋሪ መሣሪያ በዳሽቦርዱ ላይ ካለው አሮጌ መለኪያ ጋር ካልተስማማ፣ መርፌው ሐሰት ይናገራል። ባለመኪናው «ገና አልሞቀም» እያለ ሲነዳ የሞተሩ ቴስታ ይበላሻል። የዘይት ግፊት መለኪያውም እንዲሁ ነው።

6ኛ. የፊት ባሌስትራ። የፒካፑ የፊት ቁመት ሞተሩ ከመውጣቱ በፊትና አዲሱ ከገባ በኋላ መለካት አለበት። ከወረደ ባሌስትራው መጠናከር ያስፈልገዋል።

7ኛ. የጭስ መውጫና የአየር ማጥሪያ። ቱቦው ለሞተሩ የሚበቃ ስፋት ያለው ሆኖ ከፍሬን ቱቦና ከነዳጅ መሥመር መራቅ አለበት። የአየር ማጥሪያውም ለአቧራ መንገድ የሚስማማ መሆን አለበት።

ስለ ደጋ አየርና ስለ ቱርቦ

በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከመቶ 1 ያህል ጉልበት ያጣል ተብሎ ይገመታል። እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ ደግሞ ከመቶ 20 በላይ ይቀንሳል ማለት ነው። የቤንዚኑም ሞተር እንዲሁ ስለሚደክም፣ በዚህ ረገድ መተካቱ ባለመኪናውን አይጎዳውም። ነገር ግን በባሕር ጠረፍ አገር ለወፍራም አየር የተመጠነ የናፍጣ ፖምፓ በደጋ ላይ ሲሠራ ለአየሩ የሚበዛ ናፍጣ ይረጫል፤ ሞተሩም ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ናፍጣውም ሳይነድ ይባክናል። ስለዚህ ፖምፓው በባለሙያ ተመርምሮ ለከፍታው መመጠን አለበት።

የጠፋውን ጉልበት ለመመለስ አንዳንዶች ቱርቦ መጨመር ያስባሉ። 1 ኤች ዜድ ግን ፋብሪካው ያለ ቱርቦ እንዲሠራ የነደፈው ሞተር ነው፤ ቱርቦ ያለበትን እንዲሆን የፈለገውን 1 ኤች ዲ ቲ ብሎ ለብቻው ሠርቶታል፤ የናፍጣው አረጫጨትም የተለየ ነው። ባልታሰበለት ሞተር ላይ ቱርቦ ጨምሮ ናፍጣውንም ያበዛ ሰው ጉልበት ያገኛል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ፒስቶኑን ሊያቀልጠው ይችላል። የሚሸጠው ነጋዴ ይህን ሳይናገር ቱርቦ ቢሸጥ፣ በሁለተኛው ወር ሞተር የሚሸጥ ይመስለው ይሆናል፤ ደንበኛው ግን ወደ ሌላ መደብር ይሄዳል።

ያገለገለ ሞተር ሲገዛ የሚታይ ነገር

የሚተከለው ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ያገለገለ ስለ ሆነ ከመገዛቱ በፊት መፈተን አለበት። ሞተሩ ትኩስ ሆኖ ከጠበቀ ገዢው መጠራጠር ይገባዋል፤ ደካማ የናፍጣ ሞተር የሚታወቀው ቀዝቅዞ ሲነሣ ነውና። ሲነሣ የሚታየው ጭስ ምልክት ይሰጣል፦ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ መሆኑን፣ ጥቁር ጭስ ናፍጣው ከአየሩ መብዛቱን፣ የማይለቅ ነጭ ጭስ ደግሞ እመቃው መድከሙን ወይም ውሃ ወደ ሲሊንደሩ መግባቱን ያመለክታል። የዘይት መጨመሪያው ክዳን ሲከፈት እስትንፋስ የሚመስል ብርቱ አየር ቢወጣ፣ ፋሻዎቹ አልቀዋል ማለት ነው። በራዲያተሩ ውሃ ላይ አረፋ ቢታይ የቴስታው ነገር መመርመር አለበት። የእያንዳንዱ ሲሊንደር እመቃ በመለኪያ ቢለካ ግን ከሁሉ ይሻላል፤ ስድስቱ ቁጥሮች ሊቀራረቡ ይገባል።

ስለ 1 ኤች ዜድ አንድ ልዩ ማስጠንቀቂያ አለ። የዚህ ሞተር የላይኛው ዘንግ የሚዞረው መካኒኮች ታይሚንግ ቤልት በሚሉት ጥርስ ባለው ቺንጋ ነው። ቺንጋው በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መለወጥ አለበት፤ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስቶኑ ጋር ይጋጫሉ። ያገለገለ ሞተር ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ሄደ በትክክል ስለማይታወቅ፣ ሞተሩ ገና መሬት ላይ ሳለ፣ ወደ መኪናው ከመግባቱ በፊት፣ ቺንጋውን በአዲስ መለወጥ የጥንቃቄ ሁሉ መጀመሪያ ነው።

ሒሳቡ

የነዳጅና የዕቃ ዋጋ ስለሚለዋወጥ፣ ሒሳቡን በብር ከመሥራት ይልቅ በሊትር መሥራት ይቀላል። ለምሳሌ ያህል አንድ ፒካፕ በቤንዚን በሊትር 5 ኪሎ ሜትር፣ በናፍጣ 8 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ቢሠራ፣ በቤንዚን 4,000 ሊትር፣ በናፍጣ 2,500 ሊትር ይፈጃል። የሁለቱ ዋጋ እኩል ከሆነ ቁጠባው በዓመት 1,500 ሊትር ነው።

የሞተሩ ዋጋ ብቻ የ2,000 ሊትር ዋጋ ያህል ቢሆን፣ ወጪው በ16 ወር የሚመለስ ይመስላል። ባለመኪናውን የሚያስጎመጀው ይህ ነው። ነገር ግን ካምቢዮው፣ መቀመጫው፣ ሽቦው፣ ዘንጉ፣ ራዲያተሩ፣ የጋራዡ ዋጋና የወረቀቱ ወጪ ተደምረው የሥራው ሁሉ ዋጋ 4,500 ሊትር ያህል ቢደርስ፣ ገንዘቡ የሚመለሰው በ3 ዓመት ነው። የናፍጣ ዋጋ ከቤንዚን ከመቶ 10 ቢበልጥ ደግሞ፣ የ2,500 ሊትር ናፍጣ ዋጋ ከ2,750 ሊትር ቤንዚን ዋጋ ጋር ይተካከላል፤ ቁጠባው ወደ 1,250 ሊትር ስለሚወርድ ጊዜው ከ3 ዓመት ተኩል ያልፋል። ፒካፑ በከተማ ውስጥ ብቻ እየሠራ በዓመት 8,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ፣ ነዳጁ እኩል ዋጋ ቢኖረው እንኳ ቁጠባው 600 ሊትር ብቻ ነው፤ ወጪውን ለመመለስም 7 ዓመት ተኩል ይፈልጋል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በየሳምንቱ ረጅም መንገድ ጭነት ለሚያመላልስ ሰው መተካቱ ሊጠቅመው ይችላል። ለአጭር መንገድ ለሚጠቀም ሰው ግን የቤንዚኑን ሞተር አስፈትቶ ማሳደስ፣ ካርቡራቶሩንም ማስተካከል ይሻለዋል። ይህን ለደንበኛው የሚነግር ነጋዴ አንድ ሞተር ሳይሸጥ ይቀር ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ ታማኝ ደንበኛ አትርፏል። መኪናው በጋራዥ የሚቆምበት ጊዜም ገቢ የሚጠፋበት ጊዜ ስለ ሆነ በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት።

ስለ ሊብሬና ስለ ደረሰኝ

የመኪናው ሊብሬ የሻንሲውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሞተሩንም ቁጥር ይይዛል። ስለዚህ ሞተሩ ከተለወጠ በሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር መለወጥ አለበት፤ አለዚያ በምርመራ ጊዜ፣ በሽያጭ ጊዜና አደጋ ደርሶ ካሣ በሚጠየቅበት ጊዜ ችግር ይነሣል። ሞተሩ የመጣበትን የጉምሩክ ዲክላራሲዮንና የገዙበትን ደረሰኝ ሳይዝ የገዛ ሰው ቁጥሩን ለማስለወጥ የሚያቀርበው ማስረጃ የለውም። በሞተሩ አካል ላይ የተቀረጸው ቁጥር የተፋቀ ወይም የተበየደ ከሆነ ደግሞ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አለመግዛት ይሻላል።

አስመጪውም በበኩሉ ያገለገለ ሞተር ከማዘዙ በፊት የዕለቱን ደንብ ከጉምሩክና ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች መጠየቅ አለበት። ስለ ሙሉ መኪና የወጣው ክልከላና ስለ መለዋወጫ ዕቃ የሚሠራው ደንብ አንድ ናቸው ብሎ መገመትም፣ የተለያዩ ናቸው ብሎ መገመትም ሁለቱም ያከስራሉ። ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ የመጋዘን ኪራይ ያስከፍላል።

የነጋዴው ድርሻ

ከላይ የተባለው ሁሉ በመደብር ውስጥ ሲሠራበት ወደ ሦስት ነገሮች ይጠቃለላል።

አስመጪው ሞተርን ለብቻው ከማዘዝ ይልቅ ከነካምቢዮው፣ ከነብረት ቤቱ፣ ከነሞተሪኖው፣ ከነዲናሞው፣ ከነአየር ፖምፓው፣ ከነሽቦውና ከነመቀመጫው እንዲላክለት በትእዛዙ ላይ በዝርዝር መጻፍ አለበት። በሩቅ አገር ያለ ላኪ ያልተጻፈለትን ዕቃ ነቅሎ ለብቻው ይሸጠዋልና። ቮልቱም በትእዛዙ ላይ መገለጽ አለበት።

ባለመደብሩ ለደንበኛው የሚሰጠውን ዋጋ በሦስት ከፍሎ በጽሑፍ ቢሰጥ መልካም ነው፦ የሞተሩ ዋጋ፣ የመገጣጠሚያ ዕቃዎች ዋጋ፣ የጋራዥና የወረቀት ግምት። ሦስተኛውን እርሱ የማይቀበለው ገንዘብ ቢሆንም እንኳ ደንበኛው እንዲያውቀው ማድረግ አለበት። የመጨረሻው ድምር ትልቅ ሆኖ ደንበኛው ቢመለስ፣ በጋራዥ ወለል ላይ ሞተር አስቀምጦ ከሚያማርር ሰው ይልቅ እርሱ ይሻላል።

ከዚህም ጋር ባለመደብሩ ሊያስበው የሚገባ ነገር፣ ሞተር የሚሸጠው አንድ ጊዜ መሆኑን ነው። የናፍጣ ፊልትሮ፣ የዘይት ፊልትሮ፣ ቺንጋ፣ ካንዴሌታ፣ የመቀመጫ ጎማና ጓርኒሲዮን ግን መኪናው እስከ ሠራ ድረስ ይሸጣሉ። በደንብ የተተከለ ሞተር ያለው ፒካፕ ለብዙ ዓመት ወደ መደብሩ የሚመላለስ ደንበኛ ነው፤ በጎደለ ዕቃ የቆመ ፒካፕ ግን ፊልትሮ አይገዛም።

እንግዲህ ደንበኛው መጥቶ «የናፍጣ ሞተር ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ዋጋውን ከመናገር በፊት ሦስት ጥያቄዎችን መጠየቅ ይገባል፦ መኪናው በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ምን ዓይነት ናቸው? ወረቀቱስ የተሟላ ነው? የሦስቱ መልስ ከተገኘ በኋላ የሚነገረው ዋጋ የሞተር ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሥራው ዋጋ ይሆናል፤ ገዢና ሻጭ ተስማምተው የሚለያዩትም በዚህ ዋጋ ነው።